የከባቢ አየር ሳይንስ ትምህርት ክፍል፦ አመሠራረቱ፣ አሠራሩና ለተማሪ የሚከፍተው በር

1. ከትምህርት ክፍሉ በፊት

የሰው ልጅ ደመና አይቶ ዝናብ መገመት ከጀመረ ዘመን አይቆጠርለትም። የአየርን ጠባይ ራሱን በቻለ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል ማስተማርና መመርመር ግን ከመቶ ዓመት ብዙም አይበልጠውም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቴሌግራፍ ሲዘረጋ በርካታ መንግሥታት የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት ከፈቱ። በ1873 ወኪሎቻቸው ቪየና ላይ ተሰብስበው የመለኪያና የመረጃ ልውውጥ ደንብ አበጁ። የእነዚህ መሥሪያ ቤቶች ሥራ በልምድ የሚሠራ ነበር። ሠራተኛው የዕለቱን ካርታ ዘርግቶ፣ ቀደም ሲል ካያቸው ካርታዎች ጋር እያመሳከረ ነገ የሚሆነውን ይገምታል። ዝናቡ ለምን እንደመጣ በፊዚክስና በሒሳብ የሚመረምር ሰው ከመካከላቸው እምብዛም አልነበረም። ዩኒቨርሲቲዎቹ በበኩላቸው የፊዚክስን ሕግ ያስተምራሉ እንጂ ስለ ነገ ዝናብ አይገዳቸውም። ትምህርት ክፍሉ የተፈጠረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል የነበረውን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ሐሳቡን በግልጽ ያስቀመጠው ኖርዌጂያዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ቢየርክኔስ በ1904 ባወጣው ጽሑፍ ነው። የአየሩ ግፊት፣ ሙቀት፣ እርጥበትና የነፋሱ እንቅስቃሴ ዛሬ ምን እንደሚመስል በትክክል ከተለካ፣ የሚገዟቸው ሕጎች የታወቁ በመሆናቸው የነገው ሁኔታ በስሌት ሊገኝ ይችላል አለ። በዚያ ዘመን ስሌቱን በጊዜው ሠርቶ ማድረስ የሚችል ሰውም መሣሪያም አልነበረም። ቢሆንም ሐሳቡ ለአንድ ሰው ዕድሜ የማይበቃ የሥራ ዕቅድ ሆነ፤ ዕቅዱም ወጣት ሠራተኞች ያስፈልጉት ነበር።

ከ1906 ጀምሮ በዋሽንግተን የሚገኘው የካርኔጊ ተቋም ለቢየርክኔስ በየዓመቱ ገንዘብ ይሰጥ ጀመር። ገንዘቡ ለወጣት ረዳቶች ደመወዝ ዋለ፤ ድጎማውም እስከ 1941 ዘለቀ። ተማሪው የሊቁ የሥራ ባልደረባ ሆኖ፣ እየተከፈለው የሚማርበት ልማድ በዚህ ሙያ ውስጥ ሥር የሰደደው ያኔ ነው። የትምህርት ክፍሉን ታሪክ ከሕንጻና ከማኅተም ሳይሆን ከዚህ ደመወዝ መጀመር የመረጥኩትም ስለዚህ ነው።

2. በርገን

በ1913 የላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኢንስቲትዩት ከፍቶ ቢየርክኔስን በኃላፊነት ሾመው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ ጀርመናውያን ተማሪዎቹ ዘመቱ፤ የቀሩት ተራቡ። በ1917 ወደ አገሩ ተመልሶ በምዕራብ ኖርዌይ የወደብ ከተማ በበርገን አዲስ የጂኦፊዚክስ ተቋም ጀመረ።

እዚያ የጠበቀው ችግር ተቋሙን ተቋም አደረገው። ኖርዌይ በጦርነቱ ባትገባም ከብሪታንያ ይደርሳት የነበረው የአየር ሁኔታ መረጃ ወታደራዊ ምሥጢር ተብሎ ተቋርጦባት ነበር። ማዕበሉ የሚመጣው ደግሞ ከዚያው ከምዕራብ ነው። ከውጭ የሚገባው እህል አነሰ፤ ገበሬው መቼ እንደሚያጭድ፣ ዓሣ አጥማጁም መቼ ከወደብ እንደሚወጣ የሚነግረው አጣ። ቢየርክኔስ መንግሥትን አስፈቅዶ በ1918 አጋማሽ የመለኪያ ጣቢያዎቹን ቁጥር በብዙ እጥፍ አሳደገ። ከባሕር ማዶ የቀረውን መረጃ በአገር ውስጥ በተጠጋጉ ጣቢያዎች ለመተካት ነበር ሐሳቡ።

ከዚህ ጥብቅ መረብ ያልተጠበቀ ውጤት ወጣ። ተራርቀው ሳለ ጣቢያዎቹ ያልያዙት ነገር ሲጠጋጉ ታየ፤ ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር የሚገናኙበት ስለታም ድንበር በካርታው ላይ ተሰመረ። የቢየርክኔስ ልጅ ያኮብ ማዕበል ከዚህ ድንበር ጋር እንዴት እንደሚጓዝ የሚያስረዳውን ዝነኛ ጽሑፍ በ1919 ሲያወጣ ዕድሜው 21 ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት ከስዊድን የመጣው ካርል ጉስታፍ ሮስቢ ደግሞ 20 ዓመቱ ነበር።

የዕድሜያቸውን ነገር ያነሳሁት ስለ አሠራሩ ብዙ ስለሚናገር ነው። በርገን ላይ ዕለታዊ ትንበያውን የሚያወጡትና ንድፈ ሐሳቡን የሚያፈልቁት እነዚያው ወጣቶች ነበሩ። ጠዋት ለዓሣ አጥማጁ የተናገሩት ትንበያ ማታ ሲከሽፍ ለምን እንደከሸፈ መጠየቅ ግድ ሆነባቸው። ዛሬ በብዙ ትምህርት ክፍሎች ተማሪና ፕሮፌሰር አንድ ካርታ ከበው የሚወያዩበት ሰዓት የዚያ ጠረጴዛ ወራሽ ነው።

3. አውሮፕላን፣ ከዚያም ጦርነት

ሮስቢ በ1926 በነጻ የትምህርት ዕድል ወደ አሜሪካ ተሻገረ። አገሪቱ ያኔ የፖስታና የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ማብረር መጀመሯ ነበር፤ አብራሪዎች በጉምና በማዕበል ይሞቱ ነበር። ለአቪዬሽን ዕድገት የቆመው የጉገንሃይም ፈንድ ከሎስ አንጀለስ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ባለው የበረራ መስመር ላይ ናሙና የሚሆን የአየር ሁኔታ አገልግሎት አስጀመረ፤ ሥራውን ያደራጀው ሮስቢ ነበር። በ1928 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የአሜሪካ የመጀመሪያውን የዩኒቨርሲቲ ሚቲዎሮሎጂ ትምህርት ከፈተ። የተከፈተው በአውሮፕላን ምህንድስና ክፍል ሥር ሲሆን ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መካከል የባሕር ኃይል መኮንኖች ነበሩበት። ፈላጊው ማን እንደነበር ከዚህ ይታያል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተማሪውን ቁጥር በአንድ ጊዜ አናረው። የማሳቹሴትሱ ኢንስቲትዩት፣ ካልቴክ፣ የኒው ዮርክ፣ የቺካጎና የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲዎች አምስቱ አንድ ወጥ ሥርዓተ ትምህርት አውጥተው ከ6,000 በላይ የአየር ሁኔታ መኮንኖችን አሠለጠኑ። ሥልጠናው ለወራት ብቻ የሚቆይ ጥድፊያ ቢሆንም መሠረቱ የካልኩለስና የፊዚክስ ትምህርት ነበር። በኖርማንዲ የተደረገው ወረራ ከጁን 5 ወደ ጁን 6 ቀን 1944 የተሸጋገረው በትንበያ ባለሙያዎች ምክር ነው፤ ከመካከላቸው የበርገን ደቀ መዝሙር የሆነውና የማሳቹሴትሱን ትምህርት ክፍል ይመራ የነበረው ስቬሬ ፔተርሰን ይገኝበታል።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሰላማዊ ሰው ሆነው የተመለሱት ሠልጣኞች ትምህርቱን ቀጠሉ፤ ሙያው ቀጣዮቹን አሠርት ዓመታት የኖረው በእነርሱ ነው። ለምሳሌ የሒሳብ ተማሪ የነበረውን ኤድዋርድ ሎሬንዝን ወደዚህ ሳይንስ ያስገባው የጦርነቱ ሥልጠና ነበር። በሩ ግን ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። በቺካጎ ለወታደሮች ሚቲዎሮሎጂ ያስተማረችው ጆአን ሲምፕሰን በ1949 በዚህ ሙያ ዶክትሬት ያገኘች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሴት ስትሆን፣ ከዚያ ለመድረስ የተዋጋችው ከትምህርቱ ክብደት ጋር ብቻ አልነበረም። የጥቁር አብራሪዎች ጓድ የአየር ሁኔታ መኮንን የነበረው ቻርልስ አንደርሰን የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ የሚቲዎሮሎጂ ዶክተር የሆነው በ1960 ነው። በጦርነት ጊዜ የተፈለገን ችሎታ በሰላም ጊዜ ወደ ጎን ማድረግ ይህን ተቋም ብዙ ሰው አሳጥቶታል፤ እንዲህ ብዬ ስጽፍ አላጋነንኩም።

4. ኮምፒውተር፣ ሳተላይትና አዲሱ ስም

በ1950 ኤንያክ በተባለው ኮምፒውተር ላይ የመጀመሪያው የስሌት ትንበያ ተሠራ። የ24 ሰዓት ትንበያ ለማስላት 24 ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ሆኖም የ1904ቱ ሐሳብ እንደሚሠራ ታየ። ሳተላይቱም ለመምጣት ብዙ አልቆየም። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍሉን በ1948 ሲጀምር ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ቬርነር ሱኦሚ፣ ምድር ከፀሐይ የምትቀበለውንና መልሳ የምትለቀውን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ በ1959 ወደ ጠፈር ላከ። በ1966 ደግሞ ደመና ሲንቀሳቀስ ከአንድ ቦታ ሆኖ ያለማቋረጥ የሚያነሳ ካሜራው መጠቀ። ዛሬ በቴሌቪዥን የምናየው የሚንቀሳቀስ የደመና ምስል የዚያ ካሜራ ልጅ ነው።

መሣሪያው እየተወደደ ሲሄድ አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን የሚገዛው አልሆነም። በ1959 አሥራ አራት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር አቋቁመው፣ በ1960 በመንግሥት የሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ በኮሎራዶዋ ቦልደር ብሔራዊ የከባቢ አየር ምርምር ማዕከልን ከፈቱ። ትልቁን ኮምፒውተርና የምርምር አውሮፕላኑን ማዕከሉ ይይዛል፤ ትምህርት ክፍሎቹ ተማሪና ጥያቄ ይዘው ይሄዳሉ። በእኔ ግምት ከበርገን ወዲህ ከታየው የአደረጃጀት ለውጥ ይህን የሚያህል የለም፤ ትንሽ ትምህርት ክፍል ያለው ዩኒቨርሲቲ የትልቁን ያህል ጥያቄ እንዲያነሳ አስችሎታልና።

ከ1960ዎቹ ጀምሮ «ሚቲዎሮሎጂ» የሚለው ስም ለብዙዎቹ ጠበባቸው። የከተማ ጭስ፣ የኦዞን ንጣፍና የምድር ሙቀት ወደ ትምህርቱ ሲገቡ ብዙ ክፍሎች ስማቸውን ወደ «ከባቢ አየር ሳይንስ» ቀየሩ። አንዳንዶቹ የውቅያኖስን ጥናት ጨመሩ፤ የማሳቹሴትሱ ደግሞ በ1983 ከምድርና ከፕላኔቶች ሳይንስ ጋር ተዋሐደ።

5. የውስጥ አሠራሩ

አንድ የተለመደ የአሜሪካ ትምህርት ክፍል በአብዛኛው ደርዘን ወይም ሁለት ደርዘን ፕሮፌሰሮች ይኖሩታል። ኃላፊው ከመካከላቸው ለተወሰኑ ዓመታት ይሰየማል። እውነተኛው የሥራ ክፍል ግን የየፕሮፌሰሩ የምርምር ቡድን ነው፤ ፕሮፌሰሩ፣ አንድ ሁለት የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪዎችና ጥቂት የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች። አንዱ ቡድን ደመናና ዝናብን፣ አንዱ የአየሩን እንቅስቃሴ፣ አንዱ ኬሚስትሪውን፣ ሌላው የአየር ንብረት ለውጥን ይመረምራል።

ገንዘቡ ከሁለት ቋት ይመጣል። ማስተማሩን ዩኒቨርሲቲው ይከፍላል። ምርምሩን የሚከፍሉት በአብዛኛው የመንግሥት የሳይንስ ፋውንዴሽን፣ ናሳ፣ ኖኣ የሚባለው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር እንዲሁም የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱና የባሕር ኃይሉ ናቸው፤ ለዚህም ፕሮፌሰሩ የጥናት ሐሳብ ጽፎ ይወዳደራል፣ የሙያ አቻዎቹም ይመዝኑታል። ጥቅሙ ደካማ ሐሳብ ተጣርቶ መቅረቱ ነው። ጉዳቱ ደግሞ በጀት ሲቆረጥ ቀድሞ የሚመታው በዚያ ገንዘብ የሚማረው ተማሪ መሆኑ ነው።

የትምህርት ክፍሎቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ሥርዓተ ትምህርት እርስ በርሱ የሚመሳሰልበት ምክንያት አለው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሚቲዎሮሎጂስት ብሎ ለመቅጠር ቢያንስ 24 ክሬዲት የሙያ ትምህርት፣ በተጨማሪም ፊዚክስና የዲፈረንሻል እኩሌታ ሒሳብ ይጠይቃል። ክፍሎቹም ይህን መስፈርት ይዘው ያስተምራሉ።

6. ለተማሪ የሚከፈቱ ዕድሎችና ሽልማቶች

ይህን ክፍል ረዘም የማደርገው ወጣት አንባቢዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርት የሀብታም ልጅ ወይም ስፖንሰር ያገኘ ሰው ነገር ይመስላቸዋል። በዚህ ሙያ እንደዚያ አይደለም። በአሜሪካ በከባቢ አየር ሳይንስ ዶክትሬት የሚማር ሰው በአብዛኛው የምርምር ወይም የማስተማር ረዳት ሆኖ ይቀጠራል፤ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፤ በየወሩ ለኑሮ የሚሆን ገንዘብ ይከፈለዋል። ለውጭ አገር ዜጋም ክፍት ነው። ትልቅ ሀብት አይገኝበትም፤ ተማሪውን ግን ያኖራል።

ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሌሎች በሮች አሉ። ኖኣ በሴናተር ሆሊንግስ ስም የሚሰጠው ድጎማ ለሁለት ዓመት የትምህርት ገንዘብና የሚከፈልበት የክረምት ሥራ ልምምድ ይጨምራል። የሳይንስ ፋውንዴሽኑ የክረምት ምርምር መርሐ ግብር ተማሪውን ለሳምንታት ከአንድ ተመራማሪ ጋር ያሠራዋል። በቦልደር በ1996 የተጀመረው ሶርስ የተባለው መርሐ ግብር ደግሞ በሙያው ውስጥ ቁጥራቸው ያነሰ ማኅበረሰቦች ልጆች በአማካሪ ተደግፈው እንዲያድጉ የተቋቋመ ነው። የሆሊንግስ ድጎማ ለአሜሪካ ዜጎች ብቻ የሚሰጥ ስለሆነ እዚያው የተወለዱ የኢትዮጵያውያን ልጆች ሊያውቁት ይገባል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን የሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በከባቢ አየር ሳይንስ ዶክትሬት ይሰጣል፤ የመለኪያ ጣቢያውም በአቅራቢያው ሜሪላንድ ውስጥ ቤልትስቪል ላይ ነው።

ውድድርም አለ። ከ2006 ጀምሮ በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት በሚካሄደው የትንበያ ውድድር ከበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ተማሪዎች ለተመረጡ ከተሞች የነገውን ሙቀት፣ ነፋስና ዝናብ ይተነብያሉ፤ ስህተታቸው ይቆጠራል። ፕሮፌሰሮችም ስለሚወዳደሩ ተማሪ መምህሩን የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

የሙያው ሽልማቶች የተዘረጉት ከተማሪ ጀምሮ ነው። በ1919 የተመሠረተው የአሜሪካ ሚቲዎሮሎጂ ማኅበር ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ጽሑፍ የማክልዌይን ሽልማትን ይሰጣል። በ1924 በፊኛ ሆኖ ማዕበል ሲመረምር መብረቅ በገደለው በሚሲንገር ስም የሚሰጠው ለጀማሪ ተመራማሪ ነው። የማኅበሩ ከፍተኛ ሜዳሊያ የሮስቢን ስም ይዟል። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ከፍተኛ ሽልማት በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የተቀበለው ቴዎዶር ሄሰልበርግ ነው፤ በካርኔጊ ገንዘብ ከተቀጠሩት የቢየርክኔስ ወጣት ረዳቶች አንዱ የነበረ።

ሽልማት ከዕድል በኋላ እንደሚመጣ ለማየት ከፖል ክሩትዘን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሮስቢ ወደ አገሩ ተመልሶ ባቋቋመው በስቶክሆልም የሚቲዎሮሎጂ ተቋም በ1959 ሲቀጠር የግንባታ ባለሙያ ነበር። የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቶ አያውቅም፤ ሥራው ግን የፕሮግራም ሥራ ነበር። እየሠራ ተማረ፣ በዚያው ተቋም ዶክትሬቱን አገኘ፣ የናይትሮጅን ውሁዶች ኦዞንን እንዴት እንደሚያጠፉ አሳየ፤ በ1995ም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማትን በኬሚስትሪ ተቀበለ።

7. የእኛ ክረምት በዚህ ታሪክ ውስጥ

ያኮብ ቢየርክኔስ ከበርገን ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ትምህርት ክፍሉን ካቋቋመ በኋላ በ1969 ሌላ ትልቅ ነገር አሳየ። በፓስፊክ ውቅያኖስ የሚከሰተው የኤልኒኖ ሙቀትና ውቅያኖሱን የሚያካልለው የአየር ግፊት መወዛወዝ አንድ ክስተት ናቸው አለ። ለኢትዮጵያ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ኤልኒኖ ሲበረታ በአብዛኛው የአገራችን ክፍል የክረምቱ ዝናብ ይቀንሳል። በ2015 በተከሰተው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈልጓል።

ይህን ትስስር የመረመሩት በእነዚሁ ትምህርት ክፍሎች ያለፉ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ዘውዱ ሰገሌ ከኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲው ፒተር ላምብ ጋር በ2005 የክረምቱን አገባብ፣ አወጣጥና የዝናብ መቋረጥ የሚመረምር ጥናት አወጣ። ድሪባ ቆሬቻ በ2007 የክረምቱን ዝናብ አስቀድሞ የማወቅ ዕድል ምን ያህል እንደሆነ ከአንድ አሜሪካዊ ባልደረባው ጋር መረመረ፤ በ2013 ደግሞ የአገራችንን የወቅት ትንበያ ትክክለኛነት ከበርገን ዩኒቨርሲቲ ምሁር ጋር መዘነ። ጥያቄው በሌላ አቅጣጫም ይሄዳል። የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2003 ባወጡት ጥናት አልቤርቶ የተባለው የ2000 የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ መነሻው በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የተፈጠረ የነጎድጓድ ደመና እንደነበር አሳይተዋል።

በአገር ቤት የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ፣ የዛሬው ኢንስቲትዩት፣ ራሱን ችሎ የቆመው በ1980 ነው፤ የወቅት ትንበያ ማውጣት የጀመረው በ1987። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሚቲዎሮሎጂን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። ጣቢያው፣ መረጃው፣ ተማሪውና ጥያቄው አለን። የሚጎድለን በርገን ላይ የነበረው ጠረጴዛ ነው። የአርባ ምንጭ ተማሪ ከትንበያ ባለሙያው ጎን ተቀምጦ፣ ለድካሙም እየተከፈለው፣ የከሸፈውን የበልግ ትንበያ ለምን እንደከሸፈ የሚመረምርበት ቋሚ ሥርዓት ያስፈልገናል። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩቱና ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህን በውል አስረው እንዲጀምሩት እጠይቃለሁ፤ በየዓመቱ ለምርጥ የተማሪ ጥናት አንድ ሽልማት ቢመድቡ ደግሞ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ፊዚክስ ወይም ሒሳብ የምታጠኑ ወጣቶችም በአሜሪካ ለሚገኙት ክፍሎች ለማመልከት የሚቲዎሮሎጂ ዲግሪ የግድ እንደማያስፈልግ ዕወቁ። ጥናቱን አንብባችሁ የወደዳችሁለትን ፕሮፌሰር መርጣችሁ በቀጥታ ጻፉለት፤ ምን ጥያቄ መመርመር እንደምትፈልጉ በአጭሩ ግለጹ። የአብዛኞቹ ማመልከቻ በእኛ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር መጀመሪያ ባለው ጊዜ ይዘጋል፤ ትምህርቱ የሚጀመረው በነሐሴና በመስከረም ነው።